መጀመሪያ የጠላሁት ሽቶ የዘወትር ሽቶዬ ሆነ፤ ከገላ ቅባቴ ጋር እንዴት ላስማማው?

ርብቃ (ክሩን የከፈተች)

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ይህን ክር የከፈትኩት ደስታዬን ለማካፈልም፣ ከእናንተ መልስ የምጠብቅባቸው ጥያቄዎች ስላሉኝም ነው። ለዘጠኝ ዓመታት ያህል አንድ ሽቶ ብቻ ስቀባ ኖሬአለሁ፤ ቫኒላው የበዛ፣ ጣፋጭ፣ ከሩቅ የሚያውድ ሽቶ ነበር። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን የገዛሁት ጠርሙስ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሆነብኝ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቆዳዬ ላይ ፈጽሞ ይጠፋል። ቅመሙ ተለውጦ ይሁን የእኔ አፍንጫ ተለውጦ ለይቼ ሳላውቀው ምትክ ፍለጋ ጀመርኩ።

ለወራት ስሞክር ከከረምኩ በኋላ የባለቤቴ እህት ከትንሿ ጣቴ የማትበልጥ የናሙና ብልቃጥ ሰጠችኝ። የሽቶው ዋና ጠረን አይሪስ የተባለው የአበባ ተክል ሥር ነው። እጄ አንጓ ላይ ነፍቼ አፍንጫዬን ሳስጠጋ ደነገጥኩ፤ የሸተተኝ ዝናብ የመታው አፈርና ገና ከመሬት የተነቀለ ካሮት ነበር። ይህስ ለእኔ አይሆንም ብዬ ልታጠበው ስነሳ ስልክ ተደወለና ረሳሁት። ማታ ሹራቤን ሳወልቅ ግን ከእጅጌው ውስጥ የወጣው ጠረን ሌላ ነበር፦ እንደ ፊት ዱቄት የለሰለሰ፣ ትንሽ እንጨት እንጨት የሚል፣ በሥሩ ሞቅ ያለ ነገር ያለው። እጅጌውን ይዤ ብዙ ደቂቃ ቆምኩ። በማግስቱ ደገምኩት፤ ከዚያም አራት ቀን አሳርፌ እንደገና ሞከርኩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ማታ ማታ ያው ጠረን ጠበቀኝ። አሁን ሙሉ ጠርሙስ ገዝቻለሁ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ጠረኑ ከጠዋት እስከ ማታ ይህን ያህል የሚለወጠው ለምንድን ነው? ናሙናውን የሰጠችኝ የባለቤቴ እህት ‹‹ለእኔ የሚሸተኝ ኮምጣጣ ነገር ብቻ ነው›› ትላለች፤ የሁለታችን አፍንጫ እንዴት እንዲህ ሊራራቅ ቻለ? ከሁሉም በላይ ያስቸገረኝ ግን የገላ ክብካቤው ነው፤ የምታጠብበት ሻወር ጄልና የምቀባው ሎሽን ሁለቱም ቫኒላ ቫኒላ ስለሚሉ አይሪሱን ይውጡታል። ሽቶውን ሳልጎዳ ገላዬን የምንከባከብበትን መንገድ ብታመላክቱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ዮናስ

ወይዘሮ ርብቃ፣ እንኳን ደስ አለዎት። የመጀመሪያው ጥያቄዎ መልስ በትነት ፍጥነት ውስጥ ነው። ሽቶ በርካታ ንጥረ ነገሮች በአልኮል ውስጥ የሟሙበት ድብልቅ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከቆዳ ላይ የሚተንበት ጊዜ የተለያየ ነው። እንደ ቤርጋሞትና እንደ ሎሚ ልጣጭ ዘይት ያሉት ቀላሎቹ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞሉ አብዛኛው ክፍላቸው ይተናል፤ እንደ ጽጌረዳና ጃስሚን ያሉት መካከለኞቹ ጥቂት ሰዓታት ይቆያሉ፤ ሰንደል እንጨት፣ ፓቹሊ፣ ቫኒላና ሙስክ ደግሞ እስከ ማታ፣ በልብስ ላይ ከሆነም እስከ ማግስቱ ይሰነብታሉ። ሱቅ ውስጥ በወረቀት ላይ ነፍተን፣ ሁለት ጊዜ አሽትተን የምንገዛው እንግዲህ ያንኑ ቶሎ የሚበረውን ክፍል ነው። እርስዎ ረስተውት መዋልዎ ትክክለኛውን ፈተና አስፈተነዎት፤ እኔ በበኩሌ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ቆዳዬ ላይ ያልዋለ ሽቶ አልገዛም።

ስለ አይሪስ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ይህ ጥሬ ዕቃ ታሪኩን ሲያውቁት ይበልጥ የሚወደድ ነው። ሽቶ የሚሠራው ከአበባው ሳይሆን ከመሬት በታች ካለው ወፍራም ሥር ነው። ሥሩ በተነቀለ ጊዜ ይህ ነው የሚባል መዓዛ የለውም። ተልጦና ደርቆ ሦስት ዓመት ያህል ሲቀመጥ፣ ውስጡ ያሉት ቅባት ነክ ነገሮች ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሃዱ አይሮን የሚባሉትን መዓዛ ሰጪ ሞለኪውሎች ይፈጥራሉ። ከዚያ በኋላ ተፈጭቶ በእንፋሎት ሲጣራ የሚገኘው ነገር በክፍል ሙቀት እንደ ቅቤ የረጋ ስለሆነ ‹‹የአይሪስ ቅቤ›› ይባላል። ከሽቶ ጥሬ ዕቃዎች ሁሉ እጅግ ውድ ከሚባሉት አንዱ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ያ መጀመሪያ የሸተተዎት አፈርና ካሮትም ስህተት አይደለም፤ የአይሪስ ሥር በባሕርዩ ያንን ጠረን ይዞ ይመጣል።

ትርሲት

የገላ ክብካቤው ጥያቄ ለእኔ ይተውልኝ፤ እኔም ለሁለት ዓመት ያህል ተቸግሬበት ነበር።

ከሻወር ጄሉ ልጀምር። ጄሉ በውኃ ስለሚታጠብ ጠረኑ በቆዳ ላይ የሚተወው ጥቂት ነው፤ ስለዚህ የሚወዱት ከሆነ እሱን መተው ግድ አይልዎትም። ሎሽኑ ግን ለሰዓታት ገላ ላይ የሚውል ነገር ነው፤ በዚያ ላይ ቫኒሊን (የቫኒላን ጠረን የሚሰጠው ንጥረ ነገር) ቀስ ብሎ የሚተን ስለሆነ ልክ የአይሪሱ ለስላሳ ክፍል በሚወጣበት ሰዓት አብሮት ይወጣና ይሸፍነዋል። የሚሸኘው ሎሽኑ ነው።

በምትኩ ምንም ሽታ የሌለው ወፈር ያለ ክሬም ይጠቀሙ። ሎሽን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ክሬም ቅባቱ ይበዛል፤ ‹‹ቦዲ በተር›› የሚባለው ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ቅባት የበዛበት ነው። ደረቅ ቆዳ ሽቶን እንደ ደረቅ መሬት ይመጥጣል፣ ወዝ ያለው ቆዳ ግን ጠረኑን ይዞ ያቆያል፤ መዓዛ ሰጪዎቹ ንጥረ ነገሮች ቅባት ውስጥ ስለሚሟሙ ትነታቸው ይዘገያል። እኔ ከሻወር እንደወጣሁ ገላዬን በፎጣ እሽት ሳላደርግ ጠብ ጠብ አድርጌ ብቻ አደርቀዋለሁ፤ እርጥበቱ ገና ሳይጠፋ፣ በሁለት ሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ ግሊሰሪንና ሴራማይድ (የቆዳን እርጥበት የሚጠብቅ ቅባት) ያለበትን ክሬም እቀባለሁ። ክሬሙ እስኪሰርግ ልብሴን አዘጋጃለሁ፤ ሽቶው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለኝ። ቫኒሊን ያለበት ሎሽን ከአየርና ከብርሃን ጋር ሲገናኝ ወደ ቡናማነት ይለወጣል። እኔ ይህን ያወቅሁት በነጭ ሸሚዝ ነው። የአንገትጌውን ውስጠኛ ክፍል የተከተለ፣ እንደ ሻይ ጠብታ የደረቀ ቢጫ መስመር አገኘሁ፤ ሁለት ጊዜ አጥቤው አልለቀቀም። ከዚያ የሎሽኑን ክዳን ስከፍት አፉ ዙሪያ የደረቀው ቅሪት ያንኑ ቀለም ይዞ አየሁት። ላብ መስሎኝ ስንት ጊዜ ዲኦድራንት ለውጫለሁ።

አስቴር

ልጄ ርብቃ፣ እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የተጠቀምኩበትን አንድ ቀላል ነገር ልንገርሽ። ሽቶ ከመንፋትሽ በፊት በእጅሽ አንጓና በአንገትሽ ሥር ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ እላዩ ላይ ሽቶውን ንፊ። ያኔ ማታም ታገኚዋለሽ። ደግሞ አንጓ ለአንጓ አታፋትጊ። ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አያለሁ፣ ለምን እንደሆነ ግን ገብቶኝ አያውቅም። የሚያውቅ ካለ ያስረዳን።

ዮናስ

ወይዘሮ አስቴር፣ ምክርዎ ትክክል ነው። መፋተጉ ‹‹ሞለኪውሉን ይሰብራል›› ሲባል እሰማለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የእጅ ሰበቃ ሞለኪውል የሚሰብር ኃይል የለውም። የሚሆነው ቆዳው ይሞቃል፣ ፈሳሹም ይሰፋና ስስ ይሆናል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍል ቶሎ ይተናል፣ ግማሹም ወደ ሌላው እጅ ይሄዳል። ነፍቶ ዝም ብሎ እንዲደርቅ መተው ይበቃል።

ሳምራዊት

በፋርማሲ ሙያ ስለምሠራ፣ እስካሁን ያልተነሳውን የቆዳ ጤና ጉዳይ ላንሳ። ይህን የምጽፈው ማንንም ላስፈራራ አስቤ አይደለም። ሽቶ እወዳለሁ፣ በየቀኑም እቀባለሁ፤ ዳሩ ግን በሽቶ ምክንያት ቆዳቸው ተቆጥቶ የሚመጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም በሽቶው መሆኑን አይጠረጥሩም።

በመጀመሪያ፣ በመለያ ወረቀቱ ላይ ‹‹ፓርፉም›› ወይም ‹‹ፍራግራንስ›› የሚለው አንድ ቃል በውስጡ በርካታ ንጥረ ነገሮችን ሊይዝ ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2003 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ደንብ ጀምሮ አለርጂ በማስነሳት የታወቁ 26 ንጥረ ነገሮች በስማቸው እንዲጻፉ ተደርጓል፤ ገላ ላይ ለሚውል ምርት ከ0.001 በመቶ፣ ለሚታጠብ ምርት ደግሞ ከ0.01 በመቶ በላይ ሲሆኑ። በ2023 የወጣው ደንብ ዝርዝሩን ከ80 በላይ አድርሶታል። ሊሊያል የተባለው፣ በብዙ ሳሙናና ሎሽን ውስጥ የነበረ የአበባ ጠረን ደግሞ ከመጋቢት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ተከልክሏል። የብዙ የቆዩ ሽቶዎች ቅመም ሳይነገረን የሚለወጠው በእንዲህ ያሉ ደንቦች ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የወይዘሮ ርብቃን የቀድሞ ሽቶ ግን አይቼ ስላልመረመርኩት ይህ ነው ልላቸው አልችልም።

ሁለተኛው፣ ከብርቱካን ዓይነት ልጣጮች የሚገኘው ሊሞኒንና በላቬንደር የሚበዛው ሊናሉል ትኩስ እንዳሉ ደካማ ቢሆኑም፣ ከአየር ጋር ሲቆዩ ተለውጠው ጠንካራ አለርጂ አስነሺ ይሆናሉ። ስለዚህ ዓመታት ያስቆጠረ፣ ክዳኑ የላላ የገላ ዘይት ‹‹ዱሮም እቀባው ነበር›› ተብሎ የሚታመን አይደለም። በተጨማሪም ተፈጥሯዊ የቤርጋሞት ዘይት ቤርጋፕተን የሚባል ነገር ስላለበት፣ ሳይወገድለት ቆዳ ላይ ውሎ ፀሐይ ካገኘው የሚያቃጥልና ለወራት የማይለቅ ጠቆር ያለ ምልክት ሊተው ይችላል። አንገታቸው ላይ የጠብታ ቅርጽ ያለው ጥቁር መስመር ይዘው የመጡ ሰው ትዝ ይሉኛል።

አዲስ የገላ ክሬም ሲገዙ፣ ከክርን በታች ባለው ውስጠኛው የክንድ ክፍል፣ የሳንቲም ስፋት ባለው ቦታ ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይቀቡት። ካላሳከከና ካልቀላ ወደ ሙሉ ገላ ይለፉ። ‹‹ሽታ የሌለው›› የሚለውና ‹‹ሽቶ ያልተጨመረበት›› የሚለውም አንድ አይደሉም፤ በፊተኛው የጥሬ ዕቃውን ጠረን ለመሸፈን ሲባል ሽቶ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። ለእርስዎ ዓላማ የሚሻለው ሁለተኛው ነው።

ሀብታሙ

ለተጻፈው ሁሉ ምስጋና ይድረሳችሁ። ግን የማልስማማበት ነገር አለ። ችግሩ ሁሉ የሚመጣው ከኬሚካል ሽቶዎች ስለሚመስለኝ፣ እኔ ከዕፅዋት የተጣራ ዘይት ብቻ እጠቀማለሁ፤ ለወይዘሮ ርብቃም የምመክረው ይህንኑ ነው። እስካሁን ምንም አልሆንኩም።

ሳምራዊት

አቶ ሀብታሙ፣ እርስዎን ስለተስማማዎት ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ለሌላ ሰው ከመምከርዎ በፊት ይህን ያጢኑልኝ። ከላይ የጠቀስኳቸው ሊሞኒን፣ ሊናሉልና ቤርጋፕተን ሦስቱም በዕፅዋት ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኙ ናቸው። ቆዳ ሞለኪውሉ ከላቦራቶሪ ይምጣ ከማሳ አይለይም። ያልተበረዘ የዕፅዋት ዘይት በቀጥታ ቆዳ ላይ ማፍሰስ ደግሞ ከተመጠነ ሽቶ የበለጠ አደገኛ ነው፤ የሚጠቀሙበት ከሆነ በሌላ ሽታ አልባ ዘይት ያቅጥኑት።

ሊያ

ሰው ሠራሽ የሚባለው ጠረን ላይ እንዲህ መፈረዱ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ዛሬ የምንወደው የሽቶ ጥበብ የተወለደው ከሱ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ሄንሪ ፐርኪን በ1868 እ.ኤ.አ. ኩማሪንን (የታጨደ ሣር ጠረን ያለውን ንጥረ ነገር) በላቦራቶሪ ሠራ፤ በ1882 የሁቢጋን ሽቶ ቤት ያንን ንጥረ ነገር ‹‹ፉዠር ሮያል›› በተባለው ሽቶ ውስጥ አስገባው፤ በ1889 የጌርላን ሽቶ ቤት ኩማሪንንና ቫኒሊንን አዋህዶ ‹‹ዢኪ››ን አወጣ። ከዚያ በፊት ሽቶ ሠሪዎች በአብዛኛው የሚሠሩት አበባንና እንጨትን እንዳለ ለመምሰል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በተፈጥሮ የሌለ ጠረን መፍጠር ጀመሩ።

አሁን ወደ ወይዘሮ ርብቃ ሁለተኛ ጥያቄ ልመጣ፤ የሚገርመውም ሁለቱ ነገሮች መገናኘታቸው ነው። ቲማንና ክሩገር የተባሉ ኬሚስቶች በ1893 የአይሪስ ሥርን መዓዛ ለመሥራት ሲጥሩ አዮኖን የተባለውን ሞለኪውል አገኙ። እሱም የቫዮሌት አበባ ጠረን ያለው ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በብዙ የአይሪስ ሽቶዎች ውስጥ፣ ውዱን የአይሪስ ቅቤ ለማገዝ፣ አዮኖኖች ይጨመራሉ። ቤታ አዮኖን የሚባለው ደግሞ ሰዎችን ለሁለት የሚከፍል ነው። ኦአር5ኤ1 የሚባለው የማሽተት ተቀባይ ዘረመል በአንድ ቅርጹ ያላቸው ሰዎች በጣም በጥቂቱም ይሸታቸዋል፣ ጠረኑንም ‹‹አበባ›› ብለው ይጠሩታል፤ በሌላ ቅርጹ ያላቸው ወይ ጨርሶ አይሸታቸውም፣ ወይም ሲበዛ ኮምጠጥ ያለ፣ የሚሰነፍጥ ነገር ይሸታቸዋል። የባለቤትዎ እህት የተናገሩት ቃል በቃል ይህንኑ ነው። በሽቶው ውስጥ ቤታ አዮኖን መኖሩን አላረጋገጥኩም፤ ካለ ግን የሁለታችሁ አፍንጫ የተለያየው በምርጫ ሳይሆን በዘር ሊሆን ይችላል፤ ማንኛችሁም አልተሳሳታችሁም።

ሰው በአፍንጫው ውስጥ ጠረን የሚለዩ ወደ 400 የሚጠጉ ዓይነት የሚሠሩ የማሽተት ተቀባዮች አሉት። የእነዚህን ተቀባዮች የዘረመል ቤተሰብ ያገኙት ሪቻርድ አክስልና ሊንዳ ባክ በ2004 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልመውበታል። በእነዚህ ተቀባዮች ከሰው ሰው ልዩነት ስላለ፣ አንድ ሽቶ ለሁለት ሰው አንድ ነው ብሎ ማሰብ ከጅምሩ ስህተት ነው። ለዚህም ነው ‹‹የትኛውን ልግዛ?›› ለሚለው ጥያቄ የሽቶ ስም ጠርቼ የማልመልሰው።

ዮሴፍ

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ የምቀባው ሽቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስለማይሸተኝ በቀን አራት አምስት ጊዜ እነፋለሁ። ኦ ደ ቷሌት ስለሆነ ነው ወይስ ሐሰተኛ ሽቶ ሸጠውልኝ ነው?

ሊያ

አቶ ዮሴፍ፣ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። እርግጥ ነው፣ ኦ ደ ቷሌት በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 በመቶ፣ ኦ ደ ፓርፋም ደግሞ ከ15 እስከ 20 በመቶ መዓዛ ይይዛል፤ ቁጥሩ ግን ከሽቶ ቤት ሽቶ ቤት ይለያያል፣ የሚቆይበት ጊዜም ከመጠኑ ይልቅ በምን እንደተሠራ ላይ የሚመረኮዝ ነው። ይበልጥ የሚያስጠረጥረው አፍንጫዎ መልመዱ ነው። አንጎላችን የማይለወጥን ጠረን ቶሎ ችላ ይላል፤ የአዮኖንና የሙስክ ዓይነት ጠረኖች ደግሞ በዚህ የታወቁ ናቸው፣ አንዳንድ ሰው እንዲያውም የተወሰነ ሙስክ ከመጀመሪያውም አይሸተውም። እርስዎ ጠፋ ሲሉ አጠገብዎ ያለው ሰው ሊሸተው ይችላል። ስለዚህ ደግመው ከመንፋትዎ በፊት ውጭ ወጥተው ጥቂት ንጹሕ አየር ይውሰዱና ሲመለሱ ልብስዎን ያሽቱ፤ ወይም የሚያምኑትን ሰው ይጠይቁ። በቀን አምስት ጊዜ ማለት አብሮዎት ለሚሠራ፣ ራስ ምታት ወይም አስም ላለበት ሰው ከባድ ነው።

ዮሴፍ

ዛሬ ባለቤቴን ጠየቅኋት። ‹‹ሦስት ክፍል አልፎ ይሸተኛል፤ እንዳላስቀይምህ ነው ዝም ያልኩት›› አለችኝ። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ሁለት ጊዜ ብቻ እነፋለሁ።

ርብቃ

ውድ የመድረኩ አባላት፣ ሦስት ሳምንት ያህል ምክራችሁን ስሞክር ቆይቼ ተመለስኩ።

ሽቶ ያልተጨመረበትን ክሬም ሳምራዊት እንዳሉት መጀመሪያ ክንዴ ላይ ስምንት ቀን ሞከርኩት፤ ምንም አላደረገኝም። ከዚያ በኋላ ትርሲት በነገሩኝ አኳኋን፣ ገላዬ ገና እርጥብ ሳለ መቀባት ጀመርኩ። ልዩነቱን ለማየት አንድ ቀን ግራ ክንዴን ብቻ ክሬም ቀብቼ ቀኝ ክንዴን ደረቁን ተውኩትና በሁለቱም ላይ እኩል ነፋሁ። ቀትር ላይ ቀኙ ወደ መጥፋቱ ነበር፤ የቀረው ትንሽ የእንጨት ጠረን ብቻ ነው። ግራው ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እንኳ ያ የለሰለሰ ዱቄት ዱቄት የሚል መዓዛ አልለቀቀውም። የእማማ አስቴርን ቫዝሊን ደግሞ ለአንገቴ ሥር አድርጌዋለሁ፤ እጅግ አመሰግናለሁ።

አፈሩንና ካሮቱን በተመለከተ፣ አሁን ስለማውቀው እጠብቀዋለሁ። ጠዋት ነፍቼ ከቤት ለመውጣት ስዘጋጅ ይመጣል፤ ሥሩ ሦስት ዓመት ደርቆ መቀመጡን አስባለሁ፤ ሥራ ቦታ ስደርስ አልፎ ሌላው ጀምሯል።

ትርሲት

ወይዘሮ ርብቃ፣ የሁለቱ ክንድ ሙከራዎ ግሩም ነው፤ እኔም እሞክረዋለሁ። ጠርሙሱን የት ነው የሚያስቀምጡት? መታጠቢያ ክፍል ከሆነ እባክዎ ያውጡት፤ ሙቀቱና እንፋሎቱ ብርሃን የጎዳውን ያህል ይጎዳዋል። የቫኒላ ሎሽኑንስ ምን አደረጉት?

ርብቃ

እስከ ትናንት መታጠቢያ ክፍል መስኮት ላይ ነበር፤ አሁን ከነካርቶኑ ልብስ ሳጥን ውስጥ ገብቷል። ሎሽኑንና ጥቂት የቀረውን የዱሮ ሽቶዬን ለባለቤቴ እህት ሰጠኋት። ወዲያው እጇ ላይ ቀብታ ‹‹ይህስ ለእኔ የተሠራ ነው›› አለች፤ ሊያ ስለ ዘረመሉ የጻፉትንም አነበብኩላትና በጣም ተገረመች። ነጭ ሸሚዝ ስትለብስ እንዳትቀባው ግን አደራ ብያታለሁ።